በወረቀት ላይ የተበላሸ ማሽን

ፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ እጄን ያያል፣ ቀጥሎ ፊቴን፣ ከዚያ «ባልሽ ነው የሚጠግነው?» ይለኛል። ባል የለኝም። ካቻቪቴ አለኝ፣ ፒንሳ አለኝ፣ ቶሎ የሚያልቅ ትዕግሥት አለኝ። ሥራዬ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ማሽን ሰበብ እንደማያውቅ ነው። ከተበላሸ ተበላሽቷል፤ ከሠራም ይሠራል። ሰው ግን እጁም እግሩም ደህና ሆኖ «አልችልም» ሊልህ ይችላል፣ ያውም እየሳቀ።

ስለዚህ እናቴ ከመዝገብ ቤት እንደገና ባዶ እጇን ተመልሳ «ዛሬም የፎቶ ኮፒ ማሽናቸው ተበላሽቷል አሉኝ» ስትለኝ ደሜ ፈላ። ምን ሆኖ እንደተበላሸ ጠየቅኋት፤ እኔ ምን አውቃለሁ አለች። እስከ ዛሬ ለምን ሳትነግረኝ እንደቆየች ጠየቅኋት፤ ላለማስቸገር ብላ ነው። ልጇ ማሽን ጠጋኝ፣ እሷ በተበላሸ ማሽን ምክንያት የምትንገላታ! እናቴ እንዲህ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስትሰፋ ኖራ የራሷ ሲቀደድ መርፌ መዋስ ታፍራለች።

ነገሩ የአጥር ጣጣ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ በእኛና በእሱ ግቢ መካከል ያለው አጥር በስብሷል ብሎ አፈረሰው። አዲሱ አጥር ሲቆም የእናቴ የስፌት ክፍል በእሱ በኩል ሆኖ ተገኘ። የስፌት መኪናዋን አውጥቶ በረንዳችን ላይ አስቀመጠላት፤ እንዳይዘንብበት ላስቲክ ማልበሱን እንደ ውለታ ቆጥሮ ለጎረቤት አወራ። «ክፍሉን ወንድሜ ከእኔ በውሰት ነበር የያዘው» አለ። ሙት አይመሰክር! ከሰስን። ዳኛዋ ነገሩን ሰምተው የቤቱ ፕላን ከመዝገብ ቤት ፋይል ተገልብጦ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይቅረብልኝ አሉ። ቀጠሮ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። በመጨረሻ ዳኛዋም ሰለቻቸውና እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ ካልቀረበ ያለ ፕላኑ እወስናለሁ አሉ። ያለ ፕላኑ ማለት ያለ ክፍሉ ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ያለዚያ ክፍል በረንዳ ላይ ሆና፣ ንፋስ ጨርቁን እየገለበጠባት፣ ዓይኗ እስኪጠፋ ልትሰፋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የመሣሪያ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ አብሬያት ሄድኩ። እንዳልናገር፣ ቁጣዬን ዋጥ እንዳደርግ መንገድ ላይ ለመነችኝ። እሺ አልኳት። ዋሸሁ።

መዝገብ ቤቱ ረጅም ክፍል ነው። በግድግዳው ጥግ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ባለጉዳዮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሲነሳ ሁሉም አንድ ቂጥ ያህል ወደፊት ይንሸራተታሉ። መጀመሪያ ላይ ጡረታ የወጣ ሾፌር ተቀምጦ ነበር፤ ገና በሩ ሳይከፈት ነው የመጣው። ከእሱ ቀጥሎ ክንዷ ላይ የዱቄት ነጭ ያልለቀቃት ዳቦ ጋጋሪ፣ ከዚያ ሌሎች። በወዲያኛው ጫፍ የኃላፊው ጠረጴዛ አለ፣ በጎኑ የጸሐፊዋ። በሁለቱ መካከል ደግሞ የአበባ ማሰሮ የተሸከመ ማሽን ቆሟል፤ ደረቱ ላይ «ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ማስታወቂያው ራሱ ፎቶ ኮፒ ነበር።

ኃላፊው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። ከአጎቴ ጋር እሁድ እሁድ ዳማ እንደሚጫወት ሰፈሩ ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን፤ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እናቴን ሲያይ ብድግ ብሎ ተቀበላት፣ ፋይሏን ከመደርደሪያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገለጠላት፣ ፕላኑንም አሳያት። ፋይሉ ምንም ችግር እንደሌለበት፣ ችግሩ ማሽኑ ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዳት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?» አልኩት።

«ተበላሸ ነዋ።»

«ወረቀት ይነክሳል? ያጠቁራል? ያደበዝዛል? ወይስ ጭራሽ አይነሳም?»

ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ልጇ ነኝ፣ የዚህ ማሽን ጠጋኝ ነኝ፣ አሁኑኑ በነጻ እሠራላችኋለሁ አልኩት። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። ኃላፊው ያን ሁሉ ዓይን አየ። «አይሆንም» ቢል ምክንያት ሊጠየቅ ነው፤ ስለዚህ ፈገግ አለና ብዙ ባለሙያ ሞክሮት ያቃተው ማሽን ነው፣ ካልሽ ሞክሪ አለኝ።

የአበባውን ማሰሮ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቱ፣ አስቀመጥኩለት። በሙያችን መጀመሪያ የሚታየው ኤሌክትሪክ ነው፤ ስንቱን «የሞተ» ማሽን ሶኬት በመሰካት ብቻ አስነስቻለሁ መሰላችሁ። ገመዱን ተከትዬ ግድግዳው ዘንድ ስደርስ የማሽኑ ቦታ ላይ የውሃ ማፍያ ተሰክቷል። የማሽኑ የመጀመሪያ በሽታ ሻይ ነበር። ማፍያውን ነቅዬ ማሽኑን ሰካሁት፤ መብራቱ በራ፣ ውስጡ አጉረመረመ። ሾፌሩ ሞተር የሰማ ያህል ፊቱ ፈካ።

የወረቀት መሳቢያውን ሳብኩ። ስኳር፣ ሁለት ማንኪያ፣ አንድ ጥንድ የቤት ጫማ። ጸሐፊዋ ተነስታ ጫማዋን ወሰደች። ከሥር ያለው ወረቀት ከአበባው ማሰሮ በተንጠባጠበ ውሃ አብጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ሁለት ሦስት እየሆነ ይገባና መሃል መንገድ ላይ ይቀረቀራል። ደረቅ ወረቀት ስጠይቅ ኃላፊው የለም አለ። ጸሐፊዋ ግን ጎንበስ ብላ ከራሷ መሳቢያ አንድ እሽግ አውጥታ ሰጠችኝ። እሱን አላየችውም። ወረቀቱን በአውራ ጣቴ አናፍሼ፣ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ አስተካክዬ አስገባሁት።

ከዚያ እኔው ራሴ ጥፋት ሠራሁ። የጎን መዝጊያውን ስከፍት ያረጀ ወረቀት፣ ወረቀቱን በሚስቡት ሮለሮች መካከል ተቀርቅሮ አገኘሁ። የተነከሰ ወረቀት በሁለት እጅ፣ ቀስ ተብሎ፣ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚሳበው፤ ለደንበኞቼ ሁሉ ይህን እሰብካለሁ። በዚያ ሰዓት ግን ኃላፊው ከኋላዬ «እንዳትሰብሪው እንግዲህ፣ የመንግሥት ንብረት ነው» አለኝ። ንዴቴ እጄ ላይ ወጣና መንጭቄ ሳብኩት። ተቀደደ። ቁራጩ እጄ የማይደርስበት ጥልቀት ውስጥ ቀረ፣ ፒንሳዬም ወፍራም ሆኖ አልገባ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ከንግግሩ የባሰ አበሸቀኝ።

እናቴ አጠገቤ መጥታ ከቦርሳዋ ወረንጦ አውጥታ ሰጠችኝ። መኪናዋ ውስጥ የተበጠሰ ክር የምታወጣበት ነው። «ቀስ በይ» አለችኝ፣ ልክ ልጅ ሆኜ መርፌ ላይ ክር ላስገባ ስታገል እንደምትለኝ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጫፉን ያዝኩ፣ ሮለሩን በጣቴ እያዞርኩ አወጣሁት። ወረቀቱን እናቴ ተቀብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው፤ ምን ሊያደርግላት እንደሆነ አላውቅም።

የሚገለበጥ ነገር ስፈልግ ዓይኔ ማስታወቂያው ላይ አረፈ። ከደረቱ ላይ ላጥኩትና መስታወቱ ላይ ደፍቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ ተንሰቅስቆ «ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚል ትኩስ ወረቀት ተፋ። ዳቦ ጋጋሪዋ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ በአግዳሚው ላይ ሁሉ ተላለፈ። ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኮፒው ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ነበረበት። መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ፤ መስመሩ አልለቀቀም። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ መስመር ከቀረ ቆሻሻው ከውስጥ ነው። ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ድራም አጠገብ የምትዘረጋውን ቀጭን ሽቦ እናቴ በሰጠችኝ ቁራጭ ጨርቅ ጠራረግኋት፤ መስመሩ ጠፋ። ቀጥሎ ጽሕፈቱ ግማሽ ጎኑ ደብዝዞ ወጣ። ኃላፊው ቀለሙ አልቋል፣ አዲስ እስኪገዛ ወራት ይፈጃል ብሎ ደስ እያለው ተናገረ። የቀለሙን ዕቃ፣ ቶነሩን፣ አወጣሁ፤ ተቀምጦ ብዛት ዱቄቱ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል እንጂ አላለቀም። ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት የምትነፋ ይመስል እጇን እያወዛወዘች ታሳየኝ ጀመር። እኔም ግራና ቀኝ ወዘወዝኩትና መለስኩት።

በመጨረሻ እናቴ ራሷ ፕላኑን ከፋይሉ ውስጥ አንስታ መስታወቱ ላይ አኖረችው። ጨርቅ ላይ ልክ እንደምትዘረጋ ጠርዙን ከጠርዝ አስማማች፣ በመዳፏም ዳበስ አደረገችው። ንዴቴን ለማብረድ ማሽኑን ደርዘን ያህል ኮፒ አዘዝኩት። ቤታችን እየደጋገመ ወጣ፦ ሳሎኑ፣ መኝታው፣ ከጓሮ ያለው የስፌት ክፍል፣ ከእሱ ወዲያ ደግሞ አጥሩ። በትክክለኛው ቦታው ላይ ያለው አጥር።

እናቴ አንዱን አንስታ በሁለት እጇ ለኃላፊው አቀረበችለት። «ማኅተም ልጄ» አለችው።

ኃላፊው ፕላኑን ከመስታወቱ ላይ አንስቶ ፋይሉ ውስጥ መለሰ። ፋይሉን መሳቢያው ውስጥ ከተተ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ አስገባ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አልተጣደፈም።

«የተበላሸ ማሽን ባወጣው ኮፒ ላይ ማኅተም አላደርግም» አለ።

«ሲሠራ እያዩት?» አልኩት።

«ማሽኑ ተበላሽቷል ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል። የቴክኒክ ክፍል መጥቶ ተጠግኗል ብሎ እስኪጽፍ ድረስ በወረቀት ላይ የተበላሸ ነው። የእኔ ዓይን ማስረጃ አይደለም።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከማሽን ጋር ተከራክሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ብልሽት ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የቴክኒክ ክፍሉ መቼ እንደሚመጣ ጠየቅሁ፤ በደብዳቤ ሲጠየቅ አለኝ። ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍ ጠየቅሁ፤ እኔ ነኝ፣ ጊዜ ሳገኝ አለኝ። ካቻቪቴው እጄ ውስጥ ነበር። ምን ላደርግበት እንዳሰብኩ አልናገርም፤ ብቻ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

ከዚያ ለኃላፊው ጀርባዋን ሰጠችው። እናቴ ለማንም ጀርባዋን ስትሰጥ አይቻት አላውቅም፤ ከበር ስትወጣ እንኳ ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች እጅ የምትነሳ ሴት ናት። ወደ አግዳሚው ዞረች።

«ልጆቼ፣ ይህ ወረቀት ከማን ፋይል እንደወጣ፣ በየት በኩል እንደተገለበጠ አይታችኋል። እሱ ዓይኔ ማስረጃ አይደለም ብሏል። የእናንተ ዓይን ማስረጃ ይሁነኝ። ከእኔ ጋር ዳኛ ፊት የሚቆም አለ?»

ምን እየጠየቀች እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። የተነሳ ሰው ቦታው ይያዝበታል፤ ቀኑም ይቃጠልበታል። ከዚያም በላይ ይህ ሰው ነገ የእነሱንም ፋይል የሚያወጣ፣ ወይም የማያወጣ ሰው ነው። እዚህ አገር በደል ሲደርስበት ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይመታል፤ ማሽኑን ይረግማል እንጂ ኃላፊውን ቀና ብሎ አያይም። እውነቱን ለመናገር ማንም የሚነሳ አልመሰለኝም። ለእናቴ አፈርኩላት።

ሾፌሩ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። ሰልፉ ራስ ላይ የነበረው እሱ ነው፤ ከንጋት ጀምሮ የጠበቀው ተራው ደርሶት ነበር።

«እኔ እቆማለሁ። አንድ ወረቀት ስጪኝ» አለ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ተከተለችው። የሱቋ ፈቃድ ፋይል ውስጥ ተቀርቅሮ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች እያጉተመተመች ወረቀቷን ተቀበለች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኮፒ አደልኩ። ኃላፊው ተራ የለቀቀ ሰው እንደ አዲስ እንደሚሰለፍ ጮክ ብሎ አሳሰበ። አግዳሚው ባዶ ቀረ፤ እንዲያ ረጅም መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ፍርድ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። አጎቴ ቀድሞን ደርሶ፣ ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጧል። ከኋላችን ሕዝብ ሲገባ አይቶ የሌላ ችሎት ባለጉዳይ መሰለው። ተራችን ደርሶ እናቴ ኮፒውን ስታቀርብ ዳኛዋ አገላብጠው አዩና ማኅተሙ የት አለ አሉ። አጎቴ ፈጠን ብሎ፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት ከየትም ሊመጣ ይችላል፣ ልጅቱ እንደሆነ ሥራዋ ማባዛት ነው አለ። ሾፌሩ ከኋላ ተነስቶ ወረቀቱን ከፍ አደረገ። ሌሎቹም አደረጉ። ዳኛዋ በመጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ አንድ ሰው ብቻ እንዲናገር ፈቀዱ። ሾፌሩ ከማፍያው ሶኬት ጀምሮ ያየውን ሁሉ ተናገረ፤ የቤት ጫማውን እንኳ አልረሳም።

ዳኛዋ ሲሰሙ ቆይተው ለችሎቱ ጸሐፊ አጭር ትእዛዝ ሰጡ። ኮፒው ካልተረጋገጠ ዋናው ፋይል ይምጣ፤ ኃላፊው ራሱ ይዞት ይምጣ፤ እስኪመጣም ከዚህ ወንበር አልነሳም።

ኃላፊው ፋይሉን ብብቱ ሥር ይዞ፣ አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ ገባ። ዳኛዋ ለሴትየዋ የተረጋገጠ ኮፒ ለምን እንዳልሰጠ ጠየቁት። አጎቴን አየ። እናቴን አየ። ከዚያ የለመደው ምላሱ ቀደመው።

«የፎቶ ኮፒ ማሽናችን ተበላሽቶ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

ዳኛዋ እጃቸው ላይ ያለውን ኮፒ አዩ፣ ከኋላ የተደረደሩትን ሰዎች አዩ፣ እያንዳንዱ ሰው የእናቴን ቤት ደረቱ ላይ ይዟል።

«ታዲያ ይህን በእጃቸው ነው የሳሉት?» አሉት።

ኃላፊው ፋይሉን ከፊታቸው አኖረ። ዳኛዋ ዋናውን ከኮፒው ጎን ዘርግተው በጣታቸው መስመር በመስመር ተከተሉ፤ አጎቴ ጣራውን ይመለከት ነበር። ክፍሉ የእናቴ ነው ተባለ። አጥሩ በአጎቴ ወጪ ወደ ነበረበት ይመለስ ተባለ። ኃላፊውም ማኅተም ስለከለከለበት ምክንያት ለበላዮቹ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ታዘዘ።

ደጅ ስንወጣ እኔ መጨፈር ነበር ያማረኝ። እናቴ ግን የእያንዳንዱን ሰው እጅ እየያዘች አመሰገነች፣ ከዚያ ወደ መዝገብ ቤቱ በር አየች። ሊዘጋ ነው። የእኛ ጉዳይ አልቋል፤ የእነሱ ቀን ግን አልቆባቸዋል።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ኮቴዋ ቀሰቀሰኝ። ወደ ስፌት ክፍሏ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ልትወጣ ስትል በር ላይ ደረስኩባት። ወዴት እንደሆነ ስጠይቃት ሰልፍ ልይዝ ነው አለችኝ። ለማን ብላት ገረማት፤ «ለማን ይሆናል?» አለች። ቦርሳዬን አንስቼ ተከተልኳት።

መዝገብ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ሾፌሩ ሲመጣ ከፊቷ አስገባችው፣ ዳቦ ጋጋሪዋን ከእሱ ቀጥሎ፣ ሌሎቹንም ትናንት እንደነበሩት። ኋላ የመጣ አንድ ሰው ሊያጉረመርም ሲሞክር ነገሩን ነገሩትና ተወው። ኃላፊው ገብቶ ኮቱን ሰቅሎ ሲዞር እናቴን አግዳሚው ጫፍ ላይ አገኛት። ፊቱ ደም መሰለ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ቀረዎት? ክፍልዎን አገኙ አይደል?» አላት።

«እኔ ጨርሻለሁ ልጄ» አለችው እናቴ። «እነሱ አልጨረሱም። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ እዚህ ነኝ።»

ከቦርሳዋ ያልተጠናቀቀ ቀሚስ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋች፣ መርፌዋንም ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንታ ክር ማስገባት ጀመረች። ኃላፊው መርፌዋን አየ፣ አግዳሚውን አየ። ከዚያ መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ የሾፌሩን ፋይል አወጣ።